ፊልሙ ሳያልቅ ስለበራው መብራት

ለሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳይጠናቀቅ ስለተቋረጠብን ፊልም ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ከታላቅ ወንድሜና ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር “ሾሌይ” የተባለውን የህንድ ፊልም ለማየት አዳራሻችሁ መጥቼ ነበር። በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ “ሙሉው ፊልም” ይላል። ለሦስት ሰው 750 ብር ከፈልኩ። መጨረሻውን ግን አላየንም።

ፊልሙ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ልክ 10 ሰዓት ላይ ቢጀመር ኖሮ ለ1፡30ው ተመልካች አዳራሹ ይለቀቅ ነበር። እናንተ ግን ማስታወቂያ ስታሳዩ 10፡25 ሆነ። ከዚያ ተዋናዩ አሚታብ ባቻን የሚጫወተው ጃይ በጓደኛው በቪሩ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ነፍሱ ልትወጣ ስትል መብራቱ ቦግ አለ። አንድ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ “በቃ ውጡ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው” አለን።

ለምን ይህን ያህል እንዳመመኝ እንዲገባዎት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አሚታብ ባቻንን የማውቀው ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው። አራት ኪሎ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ አንድ ቴሌቪዥን። ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ እጄን ይዞ ይወስደኛል። ህንድኛ የሚችል ሰው የለም። እሱ ግን ጆሮዬ ሥር ሆኖ ሁሉንም ይተረጉምልኛል። ብዙውን ከራሱ ይፈጥር እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ለእኔ አሚታብ የሚናገረው በወንድሜ ድምፅ ነበር።

የሰፈር ልጆች ድብድቡን ይወዱ ነበር። እኔ የምወደው ዝም ሲል ነው። በሾሌይ ውስጥ ማታ ማታ ደጅ ተቀምጦ አርሞኒካ ይነፋል። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ከማዶ መብራቱን አንድ በአንድ ታጠፋለች። ቃል አይለዋወጡም። ሴትዮዋን ሆና የምትጫወተው ጃያ ባዱሪ የእውነትም ሚስቱ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የተጋቡት። ያኔ ይህን የት አውቄ! ግን ሆዴ ይባባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 “ኩሊ”ን ሲሠራ ድብድብ ላይ ሆዱን ተጎድቶ ከሞት አፋፍ እንደተመለሰ ስሰማ፣ ትልቅ ሰው ሆኜም ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

አሁን ወዳላየነው መጨረሻ ልምጣ። ጃይና ቪሩ መወሰን ሲያቅታቸው ጃይ ሳንቲም ይወረውራል፤ እኛ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደምንለው። መጨረሻ ላይ ማን ሄዶ ጥይት እንደሚያመጣ፣ ማን ቀርቶ ሽፍቶቹን እንደሚመክት የተወሰነውም በዚያው ሳንቲም ነው። ጃይ ቀረ። ከሞተ በኋላ ቪሩ ሳንቲሙን ሲያገላብጠው ሁለቱም ፊቱ አንድ ነው። ጃይ የቀረው ዕጣ ወጥቶበት ሳይሆን መርጦ ነው። ፊልሙን ከተጀመረ አንስቶ የተሸከመችው ያቺ ቅጽበት ናት። መብራት ያበራችሁት እሷ ልትመጣ ስትል ነው። ጃይንና ቪሩን የቀጠራቸው፣ እጆቹ የተቆረጡበት ታኩር የሽፍቶቹን አለቃ ጋባር ሲንግን የሚፋለመውም ከዚያ በኋላ ነው።

ትኬት መሸጫው ጋ ሄጄ ስጠይቅ “ዋናው አልቋል፣ የቀረው ትንሽ ነው” ተባልኩ። ከመብራቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ መልስ ነው። እንዲህ የሚለው ፊልሙን ያላየ ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ በዚህ ዕድሜው ደረጃውን እየተደገፈ ሲወርድ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ ፊልሙን ሌላ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድታሳዩንና በያዝናቸው ትኬቶች እንድታስገቡን እጠይቃለሁ። የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከመቶ ሰው በላይ ነበር። ካልሆነ ገንዘባችን ይመለስ። ከእንግዲህም ረጅም ፊልም ስታሳዩ በሁለት ፊልሞች መሃል በቂ ሰዓት ተዉ። ማስታወቂያው ካስፈለገ ከ10 ሰዓት በፊት ይታይ።

እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ልጄ ከእሑድ ጀምሮ “ከዚያስ ምን ሆነ?” እያለ ይጠይቀኛል። የሳንቲሙን ነገር አልነገርኩትም። እስክትመልሱልኝ አልነግረውም። ሦስቱም ትኬቶች እጄ ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር ደንበኛችሁ