ኩኩሉ ስልህ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? የድሬዳዋ ሙቀት ተስማማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ደብዳቤ መጻፌ ቢያስገርምህ አይፈረድብህም። የምጽፍልህ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በሌላ በር ልግባ ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ፤ የተከፈተልኝ ይህ ብቻ ነው።

ሶኒክን አትረሳውም፤ ያንን ሰማያዊ ጃርት። ዶሮ ማነቂያ፣ ከእናንተ ቤት ጀርባ ያለው ጎረቤታችን እህቱ ከዓረብ አገር የላከችለትን ሴጋ የሚባል የጨዋታ ማሽን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ በየተራ ስሙኒ እያስከፈለ ያጫውተን ነበር። ካሴቱ አልነሣ ሲል አፉን እፍ እንልበታለን። ከዚያ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ግሪን ሂል ይመጣል፤ ዘንባባው፣ ፏፏቴው፣ ሰውን ከተቀመጠበት የሚያስነሣው ያ ሙዚቃ። ክፉው ዶክተር ሮቦትኒክ ትንንሾቹን እንስሳት ብረት ውስጥ ይቆልፋቸዋል፤ አንተ ዘለህ ብረቱን ስትሰብረው ጥንቸሏ ወጥታ ትፈተለካለች፣ አንተም ታጨበጭባለህ። ውኃ ውስጥ መግባት ግን ትፈራ ነበር። ሶኒክ አየር ሊያልቅበት ሲል ከአምስት ወደ ዜሮ የሚቆጥረው ቁጥር ሲመጣ፣ ሙዚቃውም እየተጣደፈ ሲሄድ፣ ጆይስቲኩን እኔ እጅ ላይ ወርውረህ ፊትህን ወደ ግድግዳው ታዞራለህ። ያቺን ዜማ ዛሬም ስሰማት እጄን ያልበኛል።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። አንተ የምታውቀው በእቅፍ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አራት ኪሎ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ይመጣና የኋለኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ደንበኛ አላስገባ ብሎ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ቀና ብዬ ባይ ስክሪኑ ላይ ግሪን ሂል! ሥራዬን ጥዬ ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የሚሮጠው ቴይልስ ነበር፤ ሁለት ጭራ ያለው ቀበሮ፣ የሶኒክ ጓደኛ። ፀሐይ ነው፣ አበባ ነው፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ለልጁ በዚህ ዛፍ ሥር ምን እንዳለ፣ ከዚያ ኮረብታ ወዲያ ምን እንደሚመጣ እየነገርኩት ሳለ ሙዚቃው ቀጥ አለ።

ሌላ ምንም አልተለወጠም። ሣሩ ያው ነው፣ ሰማዩ ያው ነው። ቴይልስ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጥቂት ሄድ ሲል እነዚያ እኛ ከብረት እናወጣቸው የነበሩት እንስሳት መሬት ላይ ወድቀዋል፤ ሞተዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሶኒክ ቆሟል። ቴይልስ ሲጠጋው ዓይኑ ተገለጠ፤ ጥቁር ነው፣ መካከሉ ላይ ቀይ ነጥብ። የሚቀጥለው ደረጃ ስም ምን እንደሆነ ታውቃለህ? «ድብብቆሽ»።

ልጁን በቁጣ አስነሣሁት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያስጨነቀኝ ቀዩ ዓይን ሳይሆን ሙዚቃው የቆመበት ቅጽበት ነበር። በማግስቱ ራሴ ጠርቼው «እስቲ ስለዚህ ነገር የምታውቀውን ሁሉ ንገረኝ» አልኩት። ምን ያህል እንደሚያውቅ ብታየው! መነሻው እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር አስፈሪ ታሪክ ነው። ስሙ «ሶኒክ ዶት ኢኤክስኢ» (Sonic.exe) ይባላል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ዊንዶውስ ላይ የፕሮግራም ፋይል ስም የሚያልቅባቸው ናቸው። በዓመቱ አንድ ሌላ የሶኒክ ወዳጅ ታሪኩን ወደ ጨዋታ ለወጠው፤ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ወጣቶች አንዱ የአንዱን እየተቀበለ ቀጠሉት። ፈቃድ የሰጣቸው ኩባንያ የለም፣ ደመወዝ የከፈላቸውም የለም። ሶኒክን ከልጅነታቸው ጀምረው የወደዱ ሰዎች ናቸው። የሶኒክ ባለቤት የሆነው የሴጋ ኩባንያ ደግሞ ደጋፊዎቹ በሠሩት ጨዋታ ላይ እጁ ለስላሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን «ሶኒክ ማኒያ» የመራው ክርስቲያን ኋይትሄድ ራሱ ከደጋፊዎች መካከል የወጣ ሰው ነበር።

የታሪኩ አጀማመር ነው እኔን የያዘኝ። አንድ ልጅ ከጓደኛው ሲዲ ይላክለታል፤ ከሲዲው ጋር ደብዳቤ አለ፤ ደብዳቤው «ይህን አጥፋው» ይላል። አላጠፋውም፣ ተጫወተው። ከዚያ በኋላ ያለው እውነቱን ልንገርህ ደካማ ነው፤ ደሙ በዝቷል፣ ጩኸቱ በዝቷል። የጓደኛው ደብዳቤ ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ለጓደኛው መጻፍ እየፈለገ ሳይጽፍ የሰነበተ ሰው ሲያነበው ሌላ ነገር ይሆንበታል።

ልጁ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ፤ ይህኛው የደጋፊ ሥራ አይደለም፣ የሴጋ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ሶኒክ ሲዲ» ውስጥ የድምፅ መሞከሪያ ገጽ አለ። እዚያ ላይ 46፣ 12 እና 25 ቁጥሮችን ስታስገባ የተደበቀ ሥዕል ይወጣል፤ ጀርባው በሙሉ ሰው መሳይ ፊት ባላቸው ሶኒኮች ተሞልቷል፣ ላዩ ላይ በጃፓንኛ «ደስታ ማለቂያ የለውም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ፣ ሥሩ «ማጂን» የሚል ፊርማ። በአሜሪካው ቅጂ ከሥሩ የሚሰማው ሙዚቃ ደግሞ ሰውነት ይወርራል። የሠራው ሰው ለደስታ ነው የሠራው። ሌሊት ብቻቸውን ሆነው ያገኙት ልጆች ግን ፈሩት፤ ፍርሃቱን ይዘው አደጉ፤ አድገው ጨዋታ ሠሩበት። አንተ ያኔ ፊትህን ወደ ግድግዳ ያዞርክባት የውኃ ዜማም እንዲሁ ናት። ፍርሃቱን ከውጭ ያመጣው የለም፤ ድሮም እዚያው ደስታው ውስጥ ነበረ።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ከዚህ ወገን ያልሆነ አንድ ጨዋታ ነው። «ኢቨርዥን» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ። አበባ የምትመስል አንዲት ፍጡር ልዕልት ልታድን ትሄዳለች። መጀመሪያው የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል ይመስላል። በየቦታው ግን አንድ ቁልፍ ስትጫን ዓለሙ ይገለበጣል፤ መሬቱ ያው መሬት ሆኖ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አበባው እሾህ ይሆናል፣ ሙዚቃው ይከብዳል። የሚጫነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። የተዘጋው መንገድ የሚከፈተው ዓለሙን ስትገለብጠው ስለሆነ ትጫናለህ፤ እንደገና ትጫናለህ፤ ዞር ብለህ ስታይ ያ ብሩህ ቦታ በገዛ እጅህ ጠፍቷል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እናትህ ያረፈች ጊዜ እኔ ለሥራ ጎንደር ነበርኩ። መርዶውን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያው ሰዓት አውቶቡስ ላይ መውጣት ነበረብኝ፤ ሥራው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ጨርሼ ልሂድ አልኩ። ስመለስ ለቅሶው ተነሥቷል፣ አንተም ወደ ድሬዳዋ ተመልሰሃል። ስልክ ልደውል አነሣሁና «በስልክ ነው እንዴ ለእሷ ለቅሶ የሚደረሰው?» ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ለአርባው እሄዳለሁ አልኩ፤ አርባው ሲደርስ «ለቀብሩ ያልተገኘሁ ሰው በምን ፊቴ እቀርባለሁ» አልኩ። ሙት ዓመቱም እንዲሁ አለፈ። እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ላይ ሲቆለል ጭራሽ እግሬ ተሳሰረ። ከእናቴ እኩል ያጎረሰችኝ ሴት ናት። የእኔ እናት ገበያ ስትውል ምሳዬን ጠብቃ ያኖረችልኝ እሷ ናት። በዚያች ሴት ለቅሶ ላይ ሳልቆም ቀረሁ። ይህን ለአንተ ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር በለኝ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም እንደሄደ ሰምተሃል። እኔ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሄድኩት። ከጊዮርጊስ በኩል መጥቼ የአድዋ ድል መታሰቢያን አልፌ በእግሬ ትዝታ ወረድኩ። እግሬ ያውቃል፤ እዚህ ጋ ወደ ግራ፣ እዚህ ጋ ቦዩን መዝለል። ቦዩ የለም፣ እኔ ግን ዘለልኩ። የግቢው በር የነበረበትን በእርምጃ ለካሁና ቆምኩ። የእናትህ ምጣድ ያለባት ጓዳ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ስንደበቅ የምንጠጋባት ቆርቆሮ አጥር፣ የጋራ ቧንቧው፤ ሁሉንም በዓይኔ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ሳላስበው ጮክ ብዬ «ኩኩሉ!» አልኩ። አንድ የጥበቃ ሰው ዞር ብሎ አየኝና በትሕትና ፊቱን መለሰ።

ለዚህ ነው ከልጁ ጋር ጨዋታ መሥራት የጀመርነው። የምንሠራው «ስክራች» በሚባለው የልጆች ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ትእዛዞቹም በአማርኛ አሉ። ግቢያችንን ሥዬዋለሁ፤ ሥዕል የአንተ እንጂ የእኔ አልነበረም፤ ግን በሩና ቧንቧው ቦታቸውን ይዘዋል። ተጫዋቹ ፈላጊው ልጅ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫን «ኩኩሉ» ይላል፤ ከተደበቁበት ልጆቹ «አልነጋም!» ብለው ይመልሳሉ፤ በድምፃቸው አቅጣጫ እየዘለለ ያገኛቸዋል። ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ፣ ከጣሪያ ወደ ገመድ። አንድ ክራር የሚጫወት ደንበኛዬ አጭር የደስታ ዜማ ቀድቶልናል። የመጀመሪያው ማታ ሰባት ልጆች ይመልሳሉ። በሁለተኛው አራት። በስክራች የዜማዋን የድምፅ ከፍታ ቁጥር በ120 ዝቅ ስናደርገው ፍጥነቷም በግማሽ ቀነሰ፤ ያቺው የደስታ ዜማ ናት፣ አንዲት ኖታ አልነካንባትም፣ ሙሾ ሆና ወጣች። ልጁና እኔ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ሰማናት።

በሦስተኛው ማታ ማንም አይመልስም። ግቢው አለ፣ ልብሱ ገመዱ ላይ ነው፣ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ እዚህ ላይ ቀይ ዓይን ያለው ጭራቅ ይውጣ ብሎ ሦስት ቀን ተሟግቶኛል። እኔ እንቢ አልኩ። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?» ሲለኝ እናቱን ጠርተን አስቀመጥናት። እየሳቀች ጀመረች። ሦስተኛው ማታ ላይ ደርሳ «ኩኩሉ» አለች፤ እንደገና ተጫነች፤ እንደገና። ከዚያ እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ ወደ እኔ ዞረችና ስምህን ጠርታ «እሱስ? ዝም እንዳላችሁ ቀራችሁ?» አለችኝ። ልጁ ከዚያ በኋላ የጭራቁን ነገር አላነሣብኝም።

ጨዋታው እዚያ ላይ ቆሟል። እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም፤ ያለ አንተ ላውቀውም አልችልም። ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛው፣ እናትህ ሲመሽ ከበሩ ላይ ሆና ሁለታችንን የምትጠራበት ነገር። ስማችንን አያይዛ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትጠራን፤ ያንተን ታስቀድም ነበር ወይስ የእኔን? ከዚያ በኋላ የምትለው «ግቡ» ነበር ወይስ «ኑ ግቡ»? እየደጋገምኩ ለራሴ ስለው ጠፋብኝ፤ ዜማው ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ቃሉ ሄዷል። ሁለተኛው፣ ልብህ ከፈቀደ፣ በስልክህ አንዲት ቃል ቅዳልኝ። «አልነጋም» በል። እንደ ድሮው መጨረሻዋን ሳብ አድርጋት። ከቧንቧው ጀርባ አስቀምጣታለሁ፤ ያ ቦታህ ነበር።

በጥር ለጥምቀት ድሬዳዋ ልመጣ አስቤአለሁ። ከመምጣቴ በፊት መቃብሯ የት እንደሆነ ንገረኝ፤ መጀመሪያ እዚያ ሄጄ ነው አንተ ዘንድ የምመጣው። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ አልለወጥኩትም።

ወንድምህ
ከአራት ኪሎ