ፎቶው ድንቅ ነው፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም

ይድረስ ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንዲት ወጣት ክራር ተጫዋች ሰፋ ያለ ጽሑፍ አውጥታችኋል። ለሙዚቀኛ ይህን ያህል ገጽ የሚሰጥ መጽሔት ዛሬ ብዙ የለም፤ እግዜር ይስጥልን። እኔ የምጽፈው ስለ ገጾቹ ዲዛይን ነው። ሥራዬ የመጽሐፍ ሌይአውት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከፎቶው ልጀምር። ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘው ምስል ፊቷን አያሳይም፤ እጇን ነው የሚያሳየው። የግራ እጇ ጣቶች ክሮቹን አፍነው ይዘዋል፤ አንዷ ጣት ብቻ ቀና ብላለች። ክራር የሚመታ ሰው ያን ሲያይ የትኛው ክር ሊጮህ እንደሆነ ያውቃል። ፎቶ አንሺው ሙዚቃው ገብቶታል።

ችግሩ የሚጀምረው ቃለ ምልልሱ እዚያው ፎቶ ላይ በደቃቅ ነጭ ፊደል መታተሙ ላይ ነው። ፊደላችን ይህን አይችልም። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለያት አንዲት አጭር ጭረት ናት፤ በአንዷ ወገብ ላይ ትወጣለች፣ በሌላዋ እግር ሥር። ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ሲታተም ደግሞ ቀለሙ ከዙሪያው ሰርጎ እንዲህ ያለውን ቀጭን ነገር ይበላዋል። አንባቢው ማንበቡን ትቶ መገመት ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ክራሯን ከትዝታ ወደ ባቲ እንዴት እንደምትቃኝ የተናገረችበት አንቀጽ ነው። ያረፈው ብርሃን የበዛበት የክራሩ ቆዳ ላይ ነው። ነጭ በነጭ! በአጉሊ መነጽርም ግማሹን ማንበብ አልቻልኩም።

ርዕሱ ገጹን እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጧል፤ የፊደሎቹ እግር ወፍሮ አግዳሚው መስመር ቀጭን ሆኖ ቀርቷል። ጎላ ብሎ የወጣው ንግግሯም እንደ እንግሊዝኛው ኢታሊክ አጋድሏል። ኢታሊክ ግን ከጣሊያን የእጅ ጽሑፍ የመጣ፣ ለብቻው የተቀረጸ ፊደል ነው። የእናንተው ኮምፒውተር ገፍቶ ያዘነበለው ነው።

ዜማን ገጽ ላይ ማሳረፍ እኮ ለእኛ አዲስ አይደለም። የድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ብራና ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቃሉ በጥቁር ይጻፋል፤ ከላዩ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ሌላውም የዜማ ምልክት በደቃቁ ይሰፍራል። በመስመርና በመስመር መካከል ክፍተት የሚተወው ለዚሁ ነው። መለየት ያለበት ነገር በቀይ ይጻፋል። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል። መሪጌታው በሻማ ብርሃን አይቶ እንዲያዜም ተብሎ የተሠራ ገጽ ነው፤ ውበቱም ከዚያው የመጣ ነው። ዲዛይነራችሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ብራና ፊት ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ደፈር ብሎ መሞከሩን አልቃወምም። አሜሪካ ውስጥ ይታተም የነበረው ሬይ ገን የሙዚቃ መጽሔት ከዚህም የባሰ አድርጓል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ዲዛይነሩ ዴቪድ ካርሰን ከዘፋኙ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገው ቃለ ምልልስ አሰልቺ ሆነበት። ጽሑፉን በሙሉ ዛፕ ዲንግባትስ በተባለ፣ በፊደል ፋንታ ምልክት ብቻ ባለው ፎንት አተመው። አንድ ቃል አይነበብም። እስከ ዛሬ የዲዛይን ተማሪዎች ያወሩለታል። ግን ያው ቃለ ምልልስ በዚያው እትም መጨረሻ ላይ በሚነበብ ፊደል ወጥቷል።

ከእናንተም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ፎቶውን አትንኩት። የቃለ ምልልሱን ሙሉ ቃል ግን በሚቀጥለው እትም በነጭ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ፊደል፣ መስመሩን ሰፋ አድርጋችሁ አትሙልን። ክራር የሚማሩ ልጆች የቅኝቱን አንቀጽ ይፈልጉታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ