ደብዳቤ ለልጄ፦ ቆሞ ለሚከርም መኪና የትኛው ዘይት ይሻላል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ጉልበቱም ተሽሎታል። የደሴ ብርድ እንደምታውቀው ነው፣ ጋቢ ደርበን እናመሻለን።

በስልክ የጠየቅኸኝን ነገር ቁጭ ብዬ ብጽፍልህ ይሻላል አልኩ፤ በስልክ የተነገረ ግማሹ ይረሳል። መካኒክህ «መኪናው አርጅቷል፣ ብዙም አይነዳም፣ ወፍራም ዘይት ይስማማዋል» ብሎ 20ደብሊው-50 ግዛ ብሎሃል። እኔ እንዳትገዛው እፈልጋለሁ። ሶማሌ ተራ ሱቃችን ውስጥ ዘይት ስሸጥ ስንት ዓመት እንደኖርኩ አንተ ታውቃለህ፤ ደንበኞቼ ሞተር አውርደው ዕቃ ሊገዙ ሲመጡ ምን ሆኖ እንደተበላሸም እየጠየቅኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም።

አንተ ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ትሄዳለህ። ኮሮላዋ ከግቢ የምትወጣው ቅዳሜ ከአያት ሲኤምሲ ድረስ ለአስቤዛ፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ ነው። ሰው ይህን ሲያይ ሞተሩ ያረፈ ይመስለዋል፤ «አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ምን ዘይት ያስቀይራል?» ይላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጥራል። ጠዋት ሞተሩን ስታስነሳ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። አብዛኛው በዚያው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ካልተቃጠለ ቤንዚን ጋር በፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን በከበበው የብረት ቀለበት፣ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ግሎ ረጅም መንገድ ከሄደ ሁለቱም ተነው ይወጣሉ። ሲኤምሲ ደርሶ ለሚመለስ ሞተር ግን ያ ዕድል የለውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌም እንዳያታልልህ፤ እሱ የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ነው። ዘይቱ ከውሃው በጣም ዘግይቶ ነው የሚግለው። መርፌው መሃል ደረሰ ብለህ ስታጠፋ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ነው።

እዚያ የቀረው ውሃ ከቃጠሎው ጋዝ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል። ዘይት ከፋብሪካ ሲወጣ አሲድ የሚያመክን ቅመም ተጨምሮበት ነው፤ ያ ቅመም ግን እየሠራ ያልቃል። ሲያልቅ አሲዱ የሚበላው ብሮንዚኑን፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ስስ ማረፊያ፣ ነው። ብሮንዚን ከተበላ በኋላ የሚደርሰውን ወጪ ልነግርህ አልፈልግም።

እስቲ ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ ኮፈኑን ክፈትና የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታው። ገልብጠህ ብርሃን ላይ እየው። ስስ ቡናማ የዘይት ሽፋን ብቻ ካለው ደህና ነው። እንደ ተመታ አብሽ ያለ፣ ነጣ ብሎ ቢጫ የሚል አረፋ ከተጋገረበት ግን ውሃው ከዘይቱ ጋር ተመቷል ማለት ነው። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዘው፣ በነጭ ጨርቅ ጥረገው፣ መልሰህ እስከ መጨረሻው ክተተውና እንደገና አውጣው። ደረጃው ከላይኛው ምልክት ካለፈ፣ ሳትጨምርበት ከፍ ካለ፣ አሽትተው፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለህ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ሳትውል ሳታድር አስቀይረው። መጥቆሩ ብቻውን አያስደንግጥህ፤ ዘይት ቆሻሻውን ተሸክሞ ሲይዝ ይጠቁራል፣ ሥራው ነው። አንድ ነገር ግን ጠብቅ፤ ያ አረፋ ክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየ፣ የራዲያተሩም ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ሳታስነሳ መካኒክ ጥራ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። 5ደብሊው-30 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ነው የሚናገረው። አዲስ አበባ በረዶ የለም፤ ስለዚህ 0ደብሊው አያስፈልግህም። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የአንተ መኪና ደግሞ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆም ዘይቱ ከላይኛው የሞተር ክፍል ጠፍፎ ከታች ይጠራቀማል። ጠዋት ስታስነሳው ላይኛው ክፍል ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ብረት ከብረት ነው የሚፋተገው። ቶሎ የሚደርሰው ቀጭኑ ነው። 20ደብሊው-50 በብርድ ጠዋት ይንቀራፈፋል፤ ሲግልም ቢሆን ከ30ው ወደ እጥፍ የተጠጋ ውፍረት አለው። የኮሮላዋ ሞተር ደግሞ ቪቪቲ-አይ ያለው ነው፤ የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት፣ በጠባብ ቀዳዳዎች ነው። ፋብሪካውም ያስቀደመው 5ደብሊው-30ን ነው። መመሪያ መጽሐፉ ከሹፌሩ ጎን ባለው የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለ፤ ከእኔም ከመካኒክህም ቃል እሱ ይቅደም።

መካኒክህን ግን ክፉ አትየው። በድሮ ሞተር ያደገ ሰው ነው፤ ለእነዚያ ሞተሮች ምክሩ ልክ ነበር። ዛሬም ቢሆን መኪናው ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስና ዘይት የሚበላ ቢሆን ወደ 10ደብሊው-40 ከፍ በል እልህ ነበር። አባትህ ሲያስረክብህ ግን ዘይት አትበላም ነበር፤ አሁንም እንደማትበላ ራስህ ነግረኸኛል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የኤፒአይን፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋምን፣ ደረጃ እይ። ጋሎኑ ጀርባ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በኤስ የሚጀምረው የቤንዚን ነው፣ በሲ የሚጀምረው የናፍጣ። ኤስፒ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ደረጃ ነው፤ ከእሱ በፊት ኤስኤን፣ ኤስኤም፣ ኤስኤል ነበሩ። ለመኪናህ ኤስኤን ቢሆንም ይበቃል፣ ኤስፒ ካገኘህ ግን እሱን ውሰድ፤ የሞተሩ ሰንሰለት እንዳይበላ የሚፈትሽ ምርመራ የተጨመረው በዚህ ደረጃ ነው፣ የአንተም ሞተር በሰንሰለት ነው የሚዞረው። ሞተሩ ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይወስዳል፤ ስለዚህ ባለ 4 ሊትሩን አንድ ጋሎን ግዛ። የተረፈውን ክዳኑን አጥብቀህ አስቀምጠው፣ ለመጨመሪያ ይሆንሃል።

ሲንተቲክ ይሁን ወይስ ተራ ዘይት ብለኸኝ ነበር። ሲንተቲኩ ቶሎ አያረጅም፣ በብርድም የተሻለ ይፈሳል። ገንዘብ ካለህ እሱን ግዛ። ግን ሲንተቲክም ቢሆን የሚገባበትን ውሃና ቤንዚን አይከለክልም። ውድ ሲንተቲክ ሞልቶ «ለ10,000 ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚያቆየው ሰው ይልቅ፣ ደረጃው የታወቀ ተራ ዘይት ገዝቶ በየስድስት ወሩ የሚቀይረው ሰው ሞተር ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። ይህን በደንብ ያዝልኝ። ያንተን የመሰለ መኪና ዘይቱ የሚቆጠረው በወር ነው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ ከሆነ በስድስት ወር፤ ሲንተቲክ ሞልተህ ሳምንት በሳምንት ረጅም መንገድ የምታወጣው ከሆነ በዓመት። ፊልትሮውንም አብረህ። ለአንድ ወር ከዚያም በላይ ልታቆመው ካሰብክ ደግሞ ከማቆምህ በፊት ቀይር፤ ሰው ሁሉ ሲመለስ ነው የሚቀይረው፣ ያን ጊዜ አሲዱ ወር ሙሉ ብሮንዚኑ ላይ ተኝቶ ከርሟል። ማጠናከሪያ እያሉ ለብቻው የሚሸጡትን ጠርሙስ አትግዛ፤ ጥሩ ዘይት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

የግቢው ጥበቃ ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ እያስነሳ ያሞቅልሃል ብለኸኛል። ልፋቱን እግዚአብሔር ይክፈለው፣ ግን ከነገ ጀምሮ ተወው በለው። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ፣ የሚሠራ ሞተር ዘይቱን አያግለውም፤ ውሃና ቤንዚን ብቻ ይጨምርበታል፣ ባትሪውንም በወጉ አይሞላም። ይልቅ ቅዳሜ ገበያ ከመሄድህ በፊት በለገጣፎ አድርገህ ሰንዳፋ ድረስ ንዳት። መንገዱ ክፍት ሲሆን ትንሽ ፍጥነት ስጣት፤ ደርሰህ ስትመለስ ዘይቱ በደንብ ግሎ የያዘውን እርጥበት ያወጣል። ነዳጁ እንደተወደደ አውቃለሁ፣ ወረፋውንም አውቃለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ ባይሆንልህ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አታጉድል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ ያለህን ጠብቅ።

ስትገዛ ደግሞ ተጠንቀቅ። ገበያው ውስጥ የተጭበረበረ ዘይት አለ፤ ያገለገለ ዘይት አጣርተው በታወቀ ስም ጋሎን ሞልተው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከማደያ ወይም ከወኪሉ ሱቅ ግዛ፣ ደረሰኝ ተቀበል። የክዳኑ ቀለበት ያልተቆረጠ፣ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ፣ የተመረተበት ቀን ጋሎኑ ላይ በደንብ የታተመ ይሁን። ዋጋው ከሌላው ቦታ በጣም ከረከሰ ትተኸው ውጣ። ዘይቱ ዓይንህ እያየ ይቀየር። ባዶውን ጋሎን ለቆራሌው አትስጠው፤ በቢላ ሰንጥቀህ ጣለው። አታላዮቹ የሚፈልጉት ያንን ንጹሕ ጋሎን ነው፣ ሱቅ በነበርኩ ጊዜ ባዶ ጋሎን በጥሩ ዋጋ እንገዛለን እያሉ ይመጡብኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልሸጥኩላቸውም። የወጣውንም አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ እንዳይደፉት፤ አጠራቅሞ የሚያስረክብ ጋራዥ ምረጥ። ያ ውሃ ወርዶ የሰው ጎመን የሚጠጣው ነው።

እኅትህ በሚቀጥለው ወር ወደ አንተ ትመጣለች፤ ቆሎና በርበሬ ልኬልሃለሁ። ዘይቱን እንደገዛህ፣ ከማስቀየርህ በፊት፣ የጋሎኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ውስጡንም አንሳልኝ፣ ልየው።

እናትህ
ከደሴ