ያልደረስኩበት ለቅሶ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስተወው ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናትሽ እማማ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩም። ቀን ባለፈ ቁጥር ዕፍረቱ እየከበደኝ ሄዶ ስልክ መደወል እንኳ አቃተኝ። ምክንያቴን አሁን ልንገርሽ፤ ይቅርታውን ግን በአካል መጥቼ እጠይቅሻለሁ።

መርዶው በደረሰኝ ዕለት ታናሽ እህቴ ምጥ ላይ ነበረች። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ ማህፀኗ ግን አልኮማተር አለና ደሟ ይፈስስ ጀመር። አንዲት ሴት በሰውነቷ ያላት ደም ከ4 እስከ 5 ሊትር ቢሆን ነው። «የእኔን ውሰዱ» ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። መርምረው ከለከሉኝ። የእርሷ የደም ዓይነት ኦ ነው፣ የእኔ ኤ። የኦ ሰው ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ የኤን ምልክት የያዘ የደም ህዋስ ሲያገኝ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል አለው። የኦስትሪያው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ለይቶ ያሳወቀው በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት ብንኖር «ሥጋዬ ደሜ» እያልኩ ያሳደግኳትን ልጅ በገዛ ደሜ ልገድላት እችል ነበር። ያተረፏት ከደም ባንክ የመጡት ሦስት ከረጢቶች፣ የማናውቃቸው የሦስት ሰዎች ደም ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ።

ላቦራቶሪ የምትሠራ ጎረቤቴ አንድ ቀን በብልቃጥ ቆሞ ያደረ ደም አሳየችኝ። ከላይ እንደ ብርዝ ቢጫ የሆነው ፕላዝማ ነው፤ ከግማሽ ይበልጣል፣ አብዛኛውም ውሃ ነው። ቀዩ ከታች ዘቅጧል። በመካከላቸው ያለችው ስስ ነጭ መስመር በሽታ የሚከላከሉት ነጭ ህዋሶችና ፕሌትሌቶች ናቸው። ደም ሥር ሲቀደድ ፕሌትሌቶች ቀዳዳው ላይ ይጣበቃሉ፤ ፋይብሪኖጅን የተባለው የፕላዝማ ፕሮቲን ደግሞ ክር ሆኖ መረብ ይሠራል፤ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ተቀምጠው ሲጠግኑት ያየነውን የመሰለ መረብ። ያን ሌሊት የእህቴ ደም ከመረቡ ቀደመ።

ልቤን የያዘው ግን ቀዩ ህዋስ ነው። መቅኔ ውስጥ ሲበስል አስኳሉን አውጥቶ ይጥልና ቦታውን ኦክሲጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይለቃል። አስኳል የለውምና ራሱን ማደስ አይችልም። ከእርሱ በጠበበ ቧንቧ ሳይቀር እየተጣጠፈ ያልፋል፤ 120 ቀን ያህል አገልግሎ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል። ቆጠርኩት፦ በኅዳር የተሰጣት ህዋስ በመጋቢት አልቋል። በሄሞግሎቢኑ ውስጥ ያለው ብረት ግን አይጣልም፤ ወደ መቅኔ ተመልሶ አዲስ ህዋስ ይሠራበታል። የእነዚያ ሰዎች ብረት ዛሬም በእህቴ ደም ውስጥ ይዞራል።

ይህን ስረዳ አንቺ ነሽ የታሰብሽኝ። አንቺም በማህፀን ሳለሽ የመጀመሪያ ደምሽ የተሠራበት ብረት ከእማማ ደም የመጣ ነው። ለለቅሶሽ ደርሼ አጠገብሽ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ባላወቅሁም፣ ልነግርሽም ባልቻልኩ ነበር፤ ዛሬ ግን እንድታውቂው ፈለግሁ።

ሙት ዓመቱ የሚዘከርበትን ቀን ላኪልኝ። ከዋዜማው ደርሼ ወጡን አብሬሽ እሠራለሁ። እህቴም ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ ቆሞ መሄድ ጀምሯል።

እህትሽ