የአርመን ሰፈር ቤቶች ሲሚንቶ አይለሰኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲወራ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንዱ የታሪክ፣ ሌላው የግንባታ ነው። የግንባታው ስሕተት ቤት ስለሚያፈርስ ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ።

በፒያሳው የአርመን ሰፈር የኖረ ሰው ሁሉ ከ«አርባ ልጆች» ጋር ይደመራል። አርባዎቹ በአርመኖች እልቂት ወላጅ ያጡ ልጆች ናቸው። ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የተሰማውን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ዜማ ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስም በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በሙዚቃው ሠርተዋል። ፎቶ አንሺው ቤድሮስ ቦያጂያን ግን ከልጆቹ ብዙ ቀድመው በምኒልክ ዘመን የመጡ ናቸው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ከአርመን ዘር እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደው፣ እሳቸውም በተራቸው በስደት ኖረው፣ በ1995 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዐረፉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የድሮው ፒያሳ በብዛት ፈርሷል። የተረፈውን ቤት እንጠግን የሚሉ ባለቤቶችና የቀበሌ ቤት ተከራዮች መጀመሪያ የሚገዙት ሲሚንቶ ነው። እባካችሁ ተዉት።

የሰፈሩ ቤት በአብዛኛው ምድሩ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በፀሐይ ይተፋዋል። የዶሮ ሽቦ ተመትቶ ሲሚንቶ ሲለሰን መተንፈሻው ይደፈናል። ጭቃው ሲያብጥና ሲሰበሰብ ሲሚንቶው አብሮ ስለማይሄድ ይሰነጠቃል፤ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ማገሩን ያበሰብሳል። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው አዲስ ነው። በጣት አንጓ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጀሪካን ከጮኸ ልስኑ ለቋል። የፕላስቲክ ቀለምም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ሥራው ከጣሪያ ይጀመር። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ውኃ ነው፤ አሸንዳ ከሌለ ሁሉም የሚያርፈው የቋሚው እግር ሥር ነው። አሸንዳው በ10 ሜትር ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፤ ሰኔ ሳይገባ ቅጠሉ ይጠረግ። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ፣ ከነጎማው ነው። ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ዞሮ ዞሮ ማፍሰሱ አይቀርም።

ቀጥሎ ቋሚዎቹ ከሥራቸው በወስፌ ይወጉ። ያለ ጉልበት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ከመቁረጥ በፊት ጣሪያው በድጋፍ ይያዝ፤ ይህ ሲዘለል ነው በረንዳው ከነጣውላው የሚዘምመው። የበሰበሰው እስከ ደኅናው ተቆርጦ በደረቀ ጽድ ይቀጠል፤ ቅጥሉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ በሁለት ብሎን ይጠበቅ፤ እግሩም አፈር ውስጥ ሳይቀበር ድንጋይ ላይ ይቁም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተርና ብሎኑን ያላላዋል።

ለምርጊቱ የተነፋ ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ በየቀኑ እየተረገጠ ቢያንስ 7 ቀን ተሸፍኖ ይቡካ። መሽተት ሲጀምር ደርሷል፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይፈረካከሳል። የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩን ሞልቶ በደንብ ይድረቅ፤ መሰንጠቁ አያስደንግጥ፣ ስንጥቁን ሁለተኛው ስስ ምርጊት ይዘጋዋል። በላዩ ኖራ በቀጭኑ ሦስት ጊዜ፣ በቀን ልዩነት ይቀባ፤ አንዴ አወፍረው ቢቀቡት ይላጣል። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ በልግ ሳይመጣ መድረቅ አለበት።

የነዋሪዎቹን ስም በቤቶቹ ላይ ለመስቀል የምታስቡ ካላችሁ፣ ሰሌዳው ምድር ቤቱ ድንጋይ ላይ ይሁን። መሰርሰሩ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ይሁን እንጂ ድንጋዩ አይበሳ፤ ጭቃው ላይ ከተሰቀለ ግን በብሎኑ ቀዳዳ ውኃ ይገባል። ጽሑፉም እያንዳንዱ ሰው የመጣበትን ዓመት ለየብቻ ይያዝ፤ ሁሉንም «አርባ ልጆች» ብላችሁ አትጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፒያሳ