ኮምቦልቻ ሁለት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ስለ ካራማራ፣ በ1970 ጅጅጋን ከሶማሊያ ጦር ስላስለቀቅንበት ድል፣ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው፣ ዘንድሮም አነበብኩት። ጄኔራሎቹ አሉ፣ ታንኩ አለ፣ ኩባዎቹ አሉ። ከኛ ሰፈር የሄደው ገበሬ ግን የለም። እስቲ ስለ አጎቴ ትንሽ ልንገራችሁ።

አጎቴ የወታደር ዘር አይደለም። በ66ቱ ረሃብ በሬዎቹ አልቀው አንዲት ጊደር ብቻ የተረፈችው ጎረምሳ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ጭሰኝነቱ ቀረለት፣ ሁለት ክረምት ለራሱ አረሰ። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲመጣ ገበሬ ማኅበሩ ስም ጻፈ፣ እሱም ተጻፈ። ፈቅዶ ነው ወይስ ተገዶ የሚለው እስከ ዛሬ ቤታችን ያከራክራል። አያቴ "ፈቅዶ ነው" ትል ነበር፤ ሌላ ምን ትበል? አሥራ አንድ ሆነው ወጡ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ከዚያ 300,000 ከሚባለው ሚሊሺያ ጋር ተቀላቅለው ተኩስ ተማሩና ወደ ምሥራቅ ተጫኑ። የሶማሊያ ጦር ያኔ ጅጅጋን ይዞ ሐረር አፋፍ ደርሷል።

ከዚያ የመጣችው አንዲት ደብዳቤ ናት። መጻፍ ስለማይችል ጓደኛውን አስጽፎ ነው። ግማሿ ሰላምታ ነው። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የላትም። ጊደሯ ወለደች ወይ፣ ወንድ ከሆነ እንዳትሸጡት፣ ለቀንበር ይሆነኛል ይላል። መጨረሻው ላይ "አብሽሩ"። አያቴ ሙዳይ ውስጥ ከእጣን ጋር ስላኖረቻት ወረቀቷ አሁንም እጣን እጣን ትላለች።

መርዶውን ያመጣው መንግሥት አይደለም። አንድ እግሩን ያጣ ጓዱ በምርኩዝ መጥቶ "ኮምቦልቻ አጠገብ ተመታ፣ እዚያው ቀበርነው" አላት። አላለቀሰችም አሉ። ነጠላዋን አንስታ ብድግ አለች። "ኮምቦልቻማ እዚሁ ነው፣ ተነስና መቃብሩን አሳየኝ!" ሐረር አጠገብም ኮምቦልቻ የሚባል አገር እንዳለ ጎረቤት ተሰብስቦ አስረዳት፣ ማመኗን ግን እንጃ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ እኛው ኮምቦልቻ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ሹፌር፣ ከእሷ ጥያቄ አያመልጥም ነበር።

እንግዲህ የሞተው ጅጅጋ ከመለቀቋ በፊት ነው። የምናከብረውን ድል አላየውም። ሐረር እንዳትያዝ በዚያ በጋ በየጉድጓዱ የወደቀውን ሰው ማን ያነሳዋል? አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ሄጄ አይቻለሁ። የኩባ ወታደሮች ምስል አለ። ይገባቸዋል፣ ባሕር ተሻግረው ነው የሞቱልን። የአጎቴን መልክ ግን እኔም አላውቀው፣ ፎቶ የለውም።

መዝገብ ፍለጋም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሦስት ቀን አመላለሱኝና "የሚሊሺያ ፋይል እኛ ጋ አይደለም" አሉኝ። የት እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ።

የምለምናችሁ ይሄን ነው። ለሚቀጥለው የካቲት አንድ ገጽ ስጡን። ፎቶም ታሪክም አይኑርበት፣ ስምና የትውልድ ቀበሌ ብቻ። ማን ከማን ጋር እንደሄደ ቡና ላይ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ገና አሉ፣ ግን እነሱም እየሄዱብን ነው።

የአጎቴን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ብቻውን እንዲወጣ ስለማልፈልግ ነው። ከአሥራ አንዱ የዘጠኙን ስም ይዣለሁ። ሁለት ይቀሩኛል። የአንደኛው እህት ባቲ ነች ብለውኛል፣ የፊታችን ሰኞ ገበያው ውስጥ እፈልጋታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐይቅ