የመድኃኒቱ ዝርዝር የተሰጠው በምን ቋንቋ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም (አዛውንቶችና ታማሚዎች በሚታከሙበትና በሚኖሩበት ተቋም) በነርስነት እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ወላጆቻችን ከእንዲህ ያለ ቦታ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚሰጣቸው የመድኃኒት ዝርዝር ስላሳሰበኝ ነው። በዚህ አካባቢ ነርሲንግ ሆሞች ውስጥ ሲያጥብ፣ ሲያነሳ፣ መድኃኒት ሲሰጥ ከሚውለው ሠራተኛ መካከል የአገራችን ሰው ብዙ ነው። እንዲያም ሆኖ አማርኛ ብቻ የሚያውቁ እናት ይዘውት የሚወጡት ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

ሜዲኬር በሚባለው የአዛውንቶች የፌዴራል የጤና መድን ክፍያ ነርሲንግ ሆም ቆይቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ ኤምዲኤስ የሚባለው የፌዴራል ቅጽ ይሞላለታል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ይህ ቅጽ ስለ መድኃኒት ዝርዝር ይጠይቃል። ተመሳክሮ የተስተካከለው ዝርዝር ታማሚውን ቀጥሎ ለሚረከበው ተቋም ተሰጥቷል ወይ? በምን መንገድ? ለታማሚው ወይም ለቤተሰቡስ ተሰጥቷል ወይ? በምን መንገድ? መንገዶቹም ተለይተው ተቀምጠዋል፤ በኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ፣ የጤና ተቋማት መረጃ በሚለዋወጡበት መረብ፣ በቃል፣ በወረቀት ወይም በሌላ፣ ለምሳሌ በኢሜይል። ፋክስ እንደ ወረቀት ይቆጠራል። ሆም ኬር፣ ማለትም ቤት ድረስ የሚመጣ የነርስ አገልግሎት፣ ታዞለት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከሆነ ጥያቄው የሚነሳው ስለ ተረካቢው ተቋም ብቻ ነው፤ ለታማሚው ወይም ለቤተሰቡ መሰጠቱ የሚጠየቀው ያለዚህ አገልግሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ በ2014 የወጣው ኢምፓክት አክት የተባለው ሕግ ነው።

እኔ ጥያቄዎቹን እደግፋለሁ። «ዝርዝሩ ተልኳል» ብሎ ማለፍና «በፋክስ ተልኳል» ብሎ መመዝገብ አንድ አይደለም። ዓርብ ወደ ማታ በፋክስ የሄደ ወረቀት ሰኞ ጠዋት ድረስ የሚያየው ላይኖር ይችላል፤ ቅዳሜ ታማሚው ቤት የምትደርሰው የሆም ኬር ነርስ ግን ዝርዝሩን የምትፈልገው ቅዳሜ ነው። መንገዱ ከተጻፈ የት እንደቀረ መከታተል ይቻላል።

ችግሩ «በወረቀት» የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ በኋላ ቅጹ ሌላ አይጠይቅም። ወረቀቱ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ የተቀበለው ሰው ማንበብ ይችል እንደሆነ፣ ያስረዳው ሰው እንደነበር የሚያሳይ መስመር የለበትም።

በቅርቡ ከሌላ ነርሲንግ ሆም የወጡ የልብ ድካም ያለባቸው አንዲት እናት ቤት ለጥየቃ ሄጄ ነበር። ማዞር አስቸግሯቸዋል። መድኃኒታቸውን እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው አንድ ፌስታል ሙሉ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ። «እማማ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳቸው። «እሱ ለውኃው ነው፣ የሚያሸናው።» «ይሄኛውስ?» «እሱ ደግሞ ለእግሬ እብጠት።» የመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ላሲክስ 40 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው ላይ ፉሮሰማይድ 40 ሚሊግራም ይላል። ስማቸው ተለያየ እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። አንዱ ከመታመማቸው በፊት የተረፈ፣ ሌላው ሲወጡ የታዘዘ ነው። ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት ይውጡ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሐኪማቸው ጋ ተደወለና ነገሩ ተስተካከለ።

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ የድሮው እንዲቆም ተጽፏል፤ ሥር ላይ የልጃቸው ፊርማ አለ። ልጅቷ የፈረመችው መኪናዋን በር ላይ አቁማ፣ ዊልቸሩን እየገፋች ነው። እንግዲህ ያ ነርሲንግ ሆም ቅጹ ላይ «ተሰጥቷል፣ በወረቀት» ብሎ ቢሞላ አልዋሸም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር በደንቡ ተሠርቶ እናትየው እጥፍ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ደግሞ ወረቀቱ ቃል በቃል ቢተረጎምም የማይፈታ ነገር አለ። ሰዓቱን ውሰዱ። ዝርዝሩ «8 ኤኤም፣ 8 ፒኤም» ይላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእኛ ሰዓት የኖሩ አባት ቁጥሩን ብቻ አይተው ቀን ስምንት ሰዓትና ሌሊት ስምንት ሰዓት ብለው ይይዙታል፤ በሌሊት አላርም ሞልተው የሚነሱ አዛውንት አጋጥመውኛል። ማታ ሦስት ሰዓት ሊወጉት የሚገባ ኢንሱሊን «9» ተብሎ ስለተጻፈ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጉም አሉ። ጾሙም አለ። ግሊፒዛይድ የሚባለው የስኳር መድኃኒት ከቁርስ በፊት ይወሰዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ጠዋት ውጠውት እህል ሳይቀምሱ ከዋሉ ስኳራቸው ይወርዳል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጎመን ጉዳይ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በፍስኩ ወራት እምብዛም ሳይበሉ ቆይተው ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን መብላት የደም ምርመራውን ውጤት ያዛባዋል። መብላት አይከለከልም፤ መጠኑ እንዳይዋዥቅና ሐኪሙ እንዲያውቀው ነው የሚፈለገው። በእስልምና እምነት ያሉ ወገኖቻችንም በረመዳን ከሐኪማቸው ጋር የሚነጋገሩበት ብዙ ነገር አላቸው። ይህን ሁሉ የሚያወጣው የሁለት ሰዎች ንግግር ነው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሙያውን የሚያውቅ አስተርጓሚ መኖር አለበት።

አስተርጓሚው በመውጫው ቀን የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በመግቢያው ቀን በተሰጠ መልስ ነው። ያው ኤምዲኤስ ታማሚው ሲገባ ቋንቋው ምን እንደሆነና ከሐኪም ወይም ከሠራተኛ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። ልጆች አጠገባቸው ቆመው «አይ፣ አያስፈልጋትም፣ እኛ አለን» ይላሉ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናትን ለማንም አለመተው ነው። ግን እነዚያ ልጆች ሥራ አላቸው፣ ሁልጊዜ አይገኙም፣ የመድኃኒት ስምም የዕለት ቋንቋቸው አይደለም። አንዴ «አያስፈልግም» ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ ስልክ አንስቶ አስተርጓሚ የሚጠራ ሠራተኛ እምብዛም አይገኝም። እባካችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን «አዎ፣ አማርኛ» በሉ። እናንተ አጠገባቸው ከመሆን የሚከለክላችሁ የለም።

አስተርጓሚ መጠየቅ ክፍያ የለውም። የፌዴራል ደንብ የነርሲንግ ሆም ነዋሪ ስለ ጤናው በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋምም ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ታማሚውን «የራስህን ሰው አምጣ» ሊለው አይችልም፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ክልክል ነው። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሳኝ ጽሑፍ በኮምፒውተር ከተተረጎመ ብቁ ተርጓሚ እንዲያየው ያዝዛል። በስልክ ላይ ባለ መተርጎሚያ ለታማሚ መድኃኒት የምታስረዱ ባልደረቦቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ባልደረቦቼን ካነሳሁ አይቀር ስለ ራሳችንም ልበል። አማርኛ የምንናገር ሠራተኞች በየኮሪደሩ እየተጠራን እናስተረጉማለን። እሺ የምንለው አዛውንቱ ሲጨነቁ ማየት ስለማንችል ነው። ነገር ግን የማስተርጎም ሥልጠና ያልወሰደች፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ የሚጠብቃት የነርስ ረዳት አሥራ ሁለት መድኃኒት በአምስት ደቂቃ እንድታስረዳ መጠየቅ ለእሷም ለታማሚውም ተገቢ አይደለም። መዝገቡ ላይም ስሟ አይገባም፤ ነገ ስህተት ቢገኝ ምን እንደተባለ የሚያውቅ አይኖርም።

ኦሬገን ውስጥ ታማሚው ከጠየቀ ፋርማሲ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ከእንግሊዝኛው ጎን በሌላ ቋንቋም እንዲጽፍ ሕግ ያስገድዳል፤ ከተመደቡት 14 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ከዚያ ይልቅ በሚበዛበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ማኅበሮቻችንና አብያተ እምነቶቻችን ለክፍለ ግዛት ተወካዮቻችን ሊያነሱት ይገባል።

ነርሲንግ ሆሞች ግን አዲስ ሕግ መጠበቅ የለባቸውም። ቅጹ ባይጠይቅም የመውጫ ማስታወሻው ላይ ዝርዝሩ በየትኛው ቋንቋ እንደተብራራ፣ የስልክ አስተርጓሚው መለያ ቁጥር፣ ታማሚው የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደሚወስድና የትኛውን እንደሚያቆም በራሱ አፍ መልሶ መናገሩ ይጻፍ። ቤተሰብም ይህ ሳይሆን አይፈርም። ሶሻል ወርከሯ የመውጫውን ቀን ስትነግራችሁ «አስተርጓሚው በስንት ሰዓት ነው የተያዘው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤት ያለውን የድሮ ጠርሙስም በሙሉ ይዛችሁ ኑ፣ ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ ይታይላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከሜሪላንድ